ባዶውን ያልተመለሰው ዲስክ

ውጫሌ ላይ የሠርግ ቪዲዮ ቤት አለኝ። ሥራዬን የማስቀምጠው እርስ በርስ ባገናኘኋቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ባዶ ዲስክ ሲሰካ የሚያስተዳድራቸው ፕሮግራም ራሱ ተቀብሎ ከማከማቻው ጋር ይቀላቅለዋል።

ቦታው ሲሞላብኝ ጎረቤቴ ዘይነባ የተዋሰችኝን ዲስክ አስመለስኩና ሰካሁት። ፕሮግራሙ «ባዶ አይደለም፤ ያለበት ይጥፋ?» ብሎ ቆመ። ደወልኩላት።

«ባዶውን መልሺልኝ አላልኩሽም?»

«አብሽር ወንድሜ፣ የጎረቤት ሰሃን ባዶውን ይመለሳል እንዴ? ዲስክም ያው ዕቃ ነው» አለችኝ።

ምን እንደጨመረችበት ለማየት ከፈትኩት። የድሮ ሠርጓ ነው። እኔ የአገሩን ሠርግ ሁሉ ስቀርጽ፣ እናቴ አንድም ቀን ሳልቀርጻት ነው የሞተችብኝ። እዚህ ግን እናቴ ሙሽራዋ ፊት ቆማ ትመርቃለች፤ ዘይነባም «አሚን» ትላለች።

ማከማቻዬ ዛሬም እንደሞላ ነው።