የጎደለው ምስክርነት

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም፤ ሰባኪ ደግሞ ጭራሽ። ሠላሳ ዓመት ልብስ ስሰፋ የስንቱን ሰባኪ ኮት ሰፍቻለሁ። መድረክ ላይ ስለ ትሕትና የሚያስተምረው ሰውዬ እኔ ዘንድ ሲመጣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ካልጨመርሽልኝ ብሎ ይጨቀጭቀኛል። እንግዲህ የዚህን አንዱን ደግነት ሳወራ፣ ማሞገስ የለመደብኝ ሴት እንዳልሆንኩ ይታወቅልኝ።

ሰፈሩ ሚስማር ይለዋል። አናጢ ነው፣ ቀጭንም ነው፤ ሁለቱ ተገጣጠሙና ስም ወጣለት። በአዘቦቱ ቀን በርና መስኮት ይሠራል፣ እሑድ ይሰብካል። የእሱን ሱቅና የእኔን ሱቅ የሚለየን አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። እሱ መጋዙን ሲያስነሳ የእኔ መቀስ ከጠረጴዛው ላይ ይወርዳል፤ እኔ ስስቅ እሱ ምን ተገኘ ብሎ ይጠይቃል። ስብከቱንም የሚያዘጋጀው እንጨት እየላገ፣ ጮክ ብሎ ነው። ሲረዝምብኝ በመቀሴ ግድግዳውን አንኳኳለሁ። ያኔ ከመሃል አንድ ነገር ያወጣና እንደገና ይጀምራል። እሱና እኔ እንዲህ ስንሠራ ስድስት ዓመት ሆነን።

አንድ ዓርብ የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮብኝ መተንፈሻ አጥቼ ነበር። እሱ ከግድግዳው ማዶ ይሰብካል። የስፌት መኪናዬ እየጮኸ ምን እንደሚል አልሰማሁም፤ ማለቂያ እንደሌለው ብቻ ነው የገባኝ። ቆሽቴ አረረና አንኳኳሁ። ዝም አለ፣ ከዚያ አሳጥሮ ጀመረው።

እሑድ ያንን ስብከት ሰበከ። ወደዚህ ሰፈር ሳይመጣ፣ ገና በወጣትነቱ ሳንባውን ታሞ ነበር። ሐኪሞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወንድሞች ሰብሰብ ብለው ጸለዩለት፣ ይኸው ዛሬ በፊታችሁ ቆሜያለሁ አለ። አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ። እንባ የማይቀርበኝ ሴትዮ አለቀስኩ።

እኔ የደም ግፊት ኪኒን ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው። የዚያን ዕለት ቤት ገብቼ ኪኒኑን ከክር ሳጥኑ ኋላ ወሸቅሁት። ልጄ ጠዋት ጠዋት "እማ፣ ዋጥሽ?" ትለኛለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋጥኩ እላታለሁ። ደግሞ የባሰው፣ ደህና ነበርኩ! ቀለል አለኝ፣ እንቅልፌም ጣፈጠ። ለካ ጉዱ ከውስጥ ኖሯል።

በአሥራ አንደኛው ቀን መኪናዬ ላይ ተደፋሁ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ቀርቶ ሞተሩ ዝም ብሎ ይሮጣል። ሚስማር ከማዶ ሲሰማ፣ ይህን ያህል ሳይቆም የሚሰፋ ስፌት የለም ብሎ መላጊያውን ወርውሮ መጣ። ተሸክሞ ክሊኒክ ያደረሰኝ እሱ ነው። አልጋው ላይ ነፍስ ስዘራ ጫማዬን በእጁ ይዞ ራስጌዬ ቆሟል። ሐኪሟ መድኃኒቱን ለምን እንዳቋረጥኩ ስትጠይቀኝ በጣቴ ወደ እሱ አመለከትኩ፤ እሱን ያዳነ እኔን ምን ይሳነዋል ብዬ ነዋ አልኳት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ሐኪሟ እስክትወጣ ጠብቆ፣ ያኔ ከጸሎቱ ጋር ስምንት ወር ሙሉ ኪኒን መዋጡን ነገረኝ፤ አንድ ቀን ሳያጓድል። ዓርብ ዕለትም ይህንን ሁሉ ሲናገር ነበር። እኔ ስላንኳኳሁ ነው ያወጣው። በቃ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንተ ምን አደረግህ አልኩት።

"አይ እትዬ" አለኝ። "አንቺ ረዘመ ነው ያልሽው። የቱ ይውጣ ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ኪኒኑን ያወጣሁት ያለ እሱ ስለሚያምር ነው።"

ይህንን መድረክ ላይ እናገራለሁ ሲል የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አይሆንም አሉት። ሰው ከዚህ በኋላ የትኛውን ምስክርነት ያምናል፣ እንዲህ ካልክ ደግሞ ከመድረክ መውረድህ ነው ብለው ቁርጡን ነገሩት። ሚስቱ ስብከት ካጣ እንደሚታመም ስለምታውቅ ሱቄ ድረስ መጥታ እንዲተወው ለምኚልኝ አለችኝ። እኔም ለመንኩት። እኔ ድኛለሁ፣ ልጄም ይቅር ብላሃለች፣ ሌላ የሚያውቅ የለም አልኩት።

"ሌላም ያቋረጠ ሰው ቢኖርስ?" አለኝ።

እሑድ መድረኩ ላይ ወጣ። መጽሐፉን አልገለጠም። በሁለት እጁ አትሮኖሱን ጨበጠና ባለፈው ግማሹን ብቻ እንደነገረን ተናገረ። ኪኒኑን፣ ስምንቱን ወር፣ ሁሉንም ዘረዘረ። ስለ እኔ ማንኳኳት ግን ትንፍሽ አላለም።

"መድኃኒቱንም ጸሎቱንም የሰጠኝ እግዚአብሔር ነው" አለ። "አንዱን ደብቄ አንዱን አሳየኋችሁ። ስታጨበጭቡልኝም ደስ አለኝ። ይቅር በሉኝ።"

አሜን የሚል ጠፋ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ልጄ ክንዴን ጨምድዳ ይዛኛለች። የአዳራሹ ዘበኛ፣ አባባ የምንላቸው አዛውንት፣ በሩ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ቀስ ብለው ተነሡ። ቆባቸውን አወለቁ። ከንፈራቸው ደርቋል፤ ሰሞኑን መክሳታቸውን ሁላችንም አይተን የእርጅና ነው ብለን ትተነዋል።

"ታዲያ ልጄ" አሉ፣ "እኔ የስኳሬን መድኃኒት እንደገና ልጀምር ነው የምትለኝ?"

ሚስማር ከመድረኩ ዘሎ ወረደ። በመካከላችን አልፎ ሄደና ክንዳቸውን ያዘ። "አሁን አባባ፣ አብረን እንሂድ" አላቸው። ይዟቸው ወጣ፤ ስብከቱም እዚያው ላይ ቀረ። አንዲት ሴት ማልቀስ ስትጀምር ብዙዎቻችን ተከተልናት።

ክሊኒኩ አባባን አራት ቀን አስተኛቸው። ሐኪሟ ሁለት ቀን ቢዘገዩ ኖሮ ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም። ሽማግሌዎቹም እንዳሉት አደረጉ፤ ሚስማር ለግማሽ ዓመት እንዳይሰብክ ተወሰነበት። ቅር ሳይለው እሑድ እሑድ ከጎኔ ተቀምጦ የሌላውን ስብከት ያዳምጣል። እኔ ግን ጌታን የማመሰግንበት ነገር በዛብኝ። እንዲህ ያለ ሰው በግድግዳ ማዶ ሰጥቶኝ ኖሮ፣ እኔ በመቀስ ሳንኳኳበት ኖሬያለሁ።

በሳምንቱ የአባባ ሚስት የባሏን አሮጌ ሸሚዝና አዲስ ጨርቅ ይዛ ሱቄ መጣች። በልኩ ስፊልኝ አለችኝ። አሮጌውን ዘርግቼ ስለካ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ሜትሩ አልነበብ አለኝ፤ እሷ አላየችኝም። ጨርቁን በእጇ እየደባበሰች ነበር።

"እጅጌውን ረጅም አድርጊለት" አለችኝ። "ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ሲቀመጥ ይበርደዋል።"