የሾፌራችን ረቡዕ

ዛሬ ቅዳሜ፣ ሚያዝያ አሥራ ስምንት ቀን ነው። ይህን የምጽፈው እኔ፣ በሃይማኖት አባቶች የሰላም ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ለዘጠኝ ዓመት ማኅተም ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለዚህ ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ የገመትኩትን አልጽፍም። ነገሩ ስለ ሾፌራችን ነው።

ሾፌራችንን ሁላችንም «ፍሬን» እንለዋለን፤ ጉድጓዱ ገና ከሩቅ ሳይታይ ፍሬን ስለሚይዝ። ከጉባኤው ሦስት አባቶች አንዱ የሆኑት ሼኩ ከእሱ ጋር ሲሄዱ መቁጠሪያቸውን ሦስት ዙር እንደሚያዳርሱ እየሳቁ ይናገራሉ። እኔ መኪናውን ለግሉ ይነዳው ይሆናል ብዬ መጀመሪያ ሾፌሩን አላመንኩትም ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ የመኪናውን ኪሎ ሜትር እያየሁ መዘገብኩ፤ አንድም ቀን የጎደለ ወይም የተረፈ አላገኘሁበትም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እሰጠዋለሁ።

ሚስቱ ከተጋቡ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው ያረገዘችው። ሐኪሙ ልጁ በሆዷ ውስጥ እንደተጋደመና ያለ ቀዶ ሕክምና እንደማይወለድ ነግሯቸዋል። እናቷ ታመው ለሁለት ቀን ልትጠይቃቸው የወንዙን ድልድይ ተሻገረች፤ በማግሥቱ በወንዙ ወዲህና ወዲያ የሚዋጉት ወገኖች ድልድዩን ዘጉት። ከማዶ ቀዶ ሐኪም የለም። ስልክ ከተቋረጠ አሥራ ሦስት ቀን ሆኖ ነበር፤ የመውለጃዋ ጊዜ ደግሞ ይኸው ሳምንት ነው።

ሦስቱ አባቶች፣ ቄሱ፣ ሼኩና ፓስተሩ፣ በሁለቱ ወገን አዛዦች መካከል አሥራ አንድ ቀን ተመላለሱ። በመጨረሻ አዛዦቹ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፦ የሰላም ጥሪው በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ ሦስቱም አባቶች ፈርመውበት፣ ማኅተም አርፎበት ረቡዕ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት የድልድዩ ኬላ ከደረሰ፣ ከሐሙስ ንጋት ጀምሮ ለሦስት ቀን ተኩስ ቆሞ ሕመምተኞችና ነፍሰ ጡሮች ይሻገራሉ። ደብዳቤውን የሚያደርሰው ፍሬን ሆነ። ረቡዕ ጠዋት መኪናውን አጠበ፤ አንቴናው ላይ ነጭ አንሶላ አሰረ፤ የኋላውን ወንበር አጥፎ ፍራሽ ዘረጋ።

ደብዳቤው አራት ሰዓት ላይ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ቀረበ። ቄሱ ሼኩን በዕድሜ ታላቅ ነዎትና ይቅደሙ አሏቸው። ሼኩ ስብሰባው በእርስዎ ግቢ ስለሆነ ይቅደሙ አሉ። ሁለቱም ወደ ፓስተሩ ዞሩ፤ እሳቸውም፣ ታናሽ ነኝና በአባቶቼ ፊት እጄን አላስቀድምም አሉ። ብዙ ከተለመኑ በኋላ ፓስተሩ ፈረሙ፤ ግን ከሁሉ በታች ለመሆን ብለው የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ፈረሙ። ሼኩ ይህን አይተው ከእሳቸውም በታች፣ በቀረችው ጣት በማታክል ቦታ ላይ ፊርማቸውን ሸጎጡት። ቄሱ ወረቀቱን ገልብጠው በጀርባው ፈረሙ። ከወንድሞቼ በላይ አልቀመጥም አሉ።

ማኅተም ሦስቱንም ፊርማ መንካት አለበት። በሁለት ፊት የተፈረመ ወረቀት ላይ አላሳርፍም አልኩ። ትክክል ነበርኩ፤ አንድ ገጽ ነው የተባለው።

እንደገና ሊጻፍ ሲል መብራት ጠፋ። መብራቱ መጥቶ ደብዳቤው ሲጻፍ ሼኩ ለሶላት ሄደው ነበር፤ ሼኩ ሲመለሱ ቄሱ ለቀብር ተጠርተው ነበር። ሦስቱ ዳግመኛ የተገናኙት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ይቅደሙ የሚለውም ካቆመበት ቀጠለ። ፍሬን ከጠዋት ጀምሮ ቁልፉን በመዳፉ ጨብጦ በሩ አጠገብ ቆሟል። ውሃ ሰጠሁት፤ አልጠጣም።

በመጨረሻ ገባና እጅ ነሣ። «አባቶቼ፣ በእግራችሁ ወድቄያለሁ፣ ዝም ብላችሁ ፈርሙልኝ። ሚስቴ ታላቅና ታናሽ አትጠይቅም።»

ሼኩ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ልጄ፣ ንቀን አይደለም። ያለፈውን ደብዳቤ አንዱ አዛዥ ከላይ የፈረመው ማን ነው ብሎ ነው የቀደደው። ይኼም እንዳይቀደድብህ ነው።»

ፍሬን የውሃውን ብርጭቆ ባዶ አደረገና በወረቀቱ ባዶ ቦታ ላይ በአፉ ደፍቶ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አሰመረ። በክብ ዙሪያ ላይና ታች የለም አላቸው። ቄሱ ግንባሩን ሳሙት። ሦስቱም ዙሪያውን ፈረሙ፤ እኔም መሐሉ ላይ ማኅተሙን አሳረፍኩ፤ ሦስቱንም ፊርማ ነካ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። በደህና ቀን በመኪና እስከ ድልድዩ አርባ ደቂቃ ነው። ከግቢው ሲወጣ ፍሬን አልያዘም።

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ተመለሰ። ነጩ አንሶላ እንደታሰረ፣ ፍራሹም እንደተዘረጋ ነው። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስቁመው ፍራሹን ፈተሹት አለን። ኬላው ላይ የተቀመጠው ሰው ደብዳቤውን አንብቦ አመሰገነ፤ እንዲህ ያለ ያማረ ጽሑፍ አላየሁም አለው፤ ከዚያም ሰዓቱ አልፏል ብሎ መለሰለት። ፍሬን መሬት ላይ ተንበርክኮ ለመነው። ሰውየው፣ እኔ ታዛዥ ነኝ፣ ወንድሜ፣ ብሎ ወንበሩን ይዞ ገባ።

አባቶች ሁለቱንም አዛዦች በሬዲዮ ጠሩ፤ የመለሰ የለም። ሐሙስ ጠዋት ከወንዙ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ መስኮታችን ተንቀጠቀጠ። ቄሱና ሼኩ አንድ ክፍል ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቋንቋ፣ ሲጸልዩ ሰማሁ። ፓስተሩ ሌላ ደብዳቤ ጀመሩ። ፍሬን መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፤ ምግብ ስወስድለት ይቀበለኛል፤ ስመለስ እንዳለ አገኘዋለሁ። ሚስቱ ትውለድ አትውለድ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም።

እኔ ግን የኬላውን ሰው ቃል አላመንኩትም። ፍሬንንም፣ ምናልባት መንገድ ላይ እንደ ልማዱ አዝግሞ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩት። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት እስከ ኬላው በእግሬ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። የኬላው ሰው የመግቢያ መዝገቡን ያለ ክርክር ዘርግቶ አሳየኝ። የረቡዕን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደብዳቤው የደረሰበት ሰዓት፦ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአራት ደቂቃ።