መቀስ የነካው ፎቶግራፍ

ቤተ መጻሕፍት አልወድም። ዕድሜዬን ከመጻሕፍት ጋር አሳልፌ እንዲህ ማለቴ ወዳጆቼን ያበሳጫቸዋል፤ የምለውም በከፊል ለዚሁ ነው። ጄኔቫ፣ ሜራን ውስጥ ያለውን፣ የጥቁር ሕዝቦችን ታሪክና ባህል የሚያስቀምጠውን የጥናት ቤተ መጻሕፍት ግን እወደዋለሁ። ስዊዘርላንድ የኖረ ጥቁር ሰው ፎቶግራፉ፣ ደብዳቤው፣ የሠርግ ቪዲዮው ሳይቀር እዚያ አለ። የእኛ መደርደሪያ ብቻ ባዶ ነበር። የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ አለን እያልን ስንፎክር አንድ ካርቶን መሙላት አቅቶን።

ካርቶኑን ሊሞሉ የተነሡት ኡስተር የሚኖሩ ጡረተኛ እትዬ ናቸው። ያላቸው አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ የስደተኛ ሴቶች ማኅበራቸው የተመሠረተ ቀን ሐይቅ ዳር የተነሡት። ማኅበሩ መኖሩን የሚመሰክር ሌላ ነገር የለም። «እኔ ሳልሞት እዚያ ይግባልኝ» ብለው ለመኑኝ። እኔ ከአድሊስቪል መጥቼ ዙሪክ ተገናኘንና ወደ ጄኔቫ ተሳፈርን። ባቡሩ ላይ ፎቶውን ሲያሳዩኝ መሀል የቆመችው ሴት ጭንቅላት የለም። በመቀስ፣ ክብ ተደርጎ ወጥቷል።

«እትዬ፣ ይቺ ማን ናት?»

«ሊቀ መንበራችን ነበረች።»

«ምን አደረገችዎት?»

«ማኅበሩን ለሁለት ከፈለችው። ተወኝ እስቲ!»

አልገረመኝም። የተጣላነውን ሰው ከፎቶ ቆርጠን ማውጣት እናውቅበታለን፤ የእናቴም አልበም ቀዳዳ በቀዳዳ ነው።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ጄኔቫ የተወለደች ጥቁር ሴት፣ ፎቶውን አይታ ራሷን ነቀነቀች። ፊት የጎደለበት የቡድን ፎቶ አይቀበሉም። ቀዳዳው ራሱ ታሪክ ነው፣ ከፈገግታዎቹ ሁሉ ይልቅ እውነቱን የሚናገረው እሱ ነው ብዬ በፈረንሳይኛ ተሟገትሁ። ሳቀች። «የጎደለውን ፊት አምጡና ቀዳዳውንም እቀበላለሁ» አለች።

እትዬ ይህን ስነግራቸው፣ «ሌላ ቅጂ ያላት እሷ ብቻ ናት። እዚሁ ሜራን ነው የምትኖረው። ብሞት አልደውልላትም» አሉ።

«እኔ እደውላለሁ። ቁጥሯስ?»

«የእሷን ቁጥር ከየት አመጣለሁ!» አሉና በቃላቸው ነገሩኝ።

የቀድሞዋ ሊቀ መንበር በከዘራ መጡ፤ ፎቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የእሳቸው ፊት አለ። የእትዬ ፊት የለም። ክብ ቀዳዳ።

ኃላፊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«አንቺም?» አሉ እትዬ።

«ታዲያ አንቺን ግድግዳዬ ላይ ልሰቅልሽ ኖሯል?»

«መቁረጥ እንኳ አትችዪም። አጠገቤ የቆመችውን ጆሮዋን ነክተሻታል።»

«እያለቀስኩ ነበር የቆረጥኩት።»

እትዬ ወንበር ሳቡላቸው።

ኃላፊዋ ሁለቱን በኮምፒውተር አገጣጥማ አንድ ሙሉ ፎቶ ልትሠራ ብትጠይቅ በአንድ ድምፅ እምቢ አሉ፤ ማኅበሩ ከተከፈለ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ሁለቱ ፎቶዎች ቀዳዳቸው እንዳለ በአንድ መስታወት ውስጥ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ከአንዱ የጎደለው ከሌላው አለ፤ ማንም አልቀረም። መደርደሪያችን ተከፈተ።

ፎቶዎቹ የተሰቀሉ ዕለት ሁለቱን ሴቶች ከፊታቸው አቁሜ ፎቶ አነሣኋቸው። ቅጂውን ስሰጣቸው «ይቺን መቀስ እንዳይነካት» አልኩ።

«እሱን እናያለን» አሉ እትዬ፤ ሊቀ መንበራቸውን በክንዳቸው ደግፈው ወደ ትራሙ እየሄዱ።