የእትዬ ተንፍሺ ሞተር

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ተንፍሺ» ነው የሚላቸው። አዋላጅ ናቸው። ምጥ የያዛት ሴት ባዩ ቁጥር «ተንፍሺ! ኧረ ተንፍሺ እንጂ!» ብለው ሲጮኹ፣ እንኳን አልጋ ላይ ያለችው በውጭ በኩል የሚያልፈው መንገደኛም ሳያስበው ይተነፍሳል።

ቤት ለቤት የሚዞሩት በአንዲት አሮጌ ቀይ ሞተር ነው። የጤና ጣቢያው ንብረት ብትሆንም ሃያ ዓመት ሙሉ ከሳቸው በቀር የነካት የለም። የዓይናቸው ብሌን ናት። ጥፋቷ አንድ ብቻ ነው፤ በቆመችበት ሁሉ ዘይት ታንጠባጥባለች።

ታዲያ አዲሱ ኃላፊ ግቢውን ነጭ ሴራሚክ አስነጠፈ። አርብ ዕለት እትዬን ጠራቸው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰኞ ጠዋት ከሞተሯ ሥር ነጭ አንሶላ አነጥፋለሁ። አንድ ጠብታ ካየሁ ትሸጣለች። እርስዎም ካርድ ክፍል ይቀመጣሉ።»

«ካርድ ክፍል? እኔ?» አሉ እትዬ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጎልተው ካርድ ሲፈልጉ ታያቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተሯን ባላቸው የአናጢነት ሥራ የሚሠሩበት ክፍል አስገቧት። ከዚህ በፊት በብረቶቿ መሃል የምትገባውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኗን፣ ሦስት ጊዜ ቀይረዋል፤ ብሎኖቹን አጥብቀው አጥብቀው አንዱን በጥሰዋል፤ ቀዳዳ መድፈኛውን ሲሊኮንማ ሲለቀልቁ ለከት አልነበራቸውም።

«አንቺ ሴትዮ» አሉ አናጢው፣ «ይህቺ ሞተር እኮ አሁን ከብረቷ ሲሊኮኗ ይበልጣል።»

«አንተ ደግሞ ከምታሾፍ ቁልፉን አቀብለኝ! ደም የሚፈሳት ሴት ስትመጣ መጀመሪያ ከየት እንደሚፈስ ይታያል እንጂ ዝም ተብሎ ጥጥ አይጠቀጠቅም። ዛሬ እንደ ሥራዬ ነው የማክማት።»

ሞተሯን በቤንዚን አጠቧት፣ በጨርቅ አደረቋት፣ ከዚያ የሕፃን ፓውደር ከላይ እስከ ታች ነሰነሱባት። ፓውደሩ መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ፣ ቀዳዳው እዚያ ነው። አስነሷትና ሁለቱም ተንበርክከው አፈጠጡ።

«ከላይ ነው!» አሉ ባላቸው።

«የለም፣ ከጎን ነው!» አሉ እትዬ።

«ኧረ ከታችም ነው!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

እትዬ ግራ ገባቸው። ሞተሯን አጥፍተው የዘይቱን ክዳን ቢፈቱት ፉስስስ! ብሎ ፊታቸውን ዘይት በፓውደር አደረገው። ባላቸው ሆዳቸውን ይዘው ሲንከተከቱ እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ቀሩ።

«ታፍናለች» አሉ። «ውስጧ ታፍኗል!»

ማንኛውም ሞተር ውስጡ የሚጠራቀመውን አየር የሚያስወጣባት አንዲት ቀጭን መተንፈሻ ቱቦ አለችው። እትዬ ቱቦዋን በጣታቸው እየዳበሱ እስከ ጫፏ ወረዱ። ጫፏ ላይ የመድኃኒት ብልቃጥ ጎማ ተወትፏል። አየሩ በዚያ መውጣት ሲያቅተው ነው ለካ ዘይቱን በየስንጥቁ ሲገፋ የከረመው!

«የቱ ባለጌ ነው ይህን የወተፈው?» አሉ አናጢው።

እትዬ ጎማውን ለዩት። ከሦስት ዓመት በፊት ያቺ ቱቦ አዲሱ ነጭ ጫማቸው ላይ ዘይት ስትተፋ፣ በንዴት ከኪሳቸው ያገኙትን ጎማ ወትፈው ሄደው ነበር። ሄደውም ረሱት።

ባላቸው ፊታቸውን አይተው ገባቸው። «አገር ምድሩን ተንፍሺ ስትዪ የኖርሽ ሴትዮ...» ብለው ሳይጨርሱ በሳቅ ሰጋቱራው ላይ ተዘረሩ።

«ኧረ ጉዴ!» እትዬም ተከተሏቸው። እየሳቁ አለቀሱ፤ የሞተሯን ታንከር እየደባበሱ፣ «ይቅር በይኝ እናቴ፣ ሦስት ዓመት አፍኜ ያዝኩሽ!» ይላሉ፣ እንደገና ይስቃሉ። ጎማውን ነቀሉት፤ ሲሊኮኑን ፍቀው፣ ያቺን የተበጠሰች ብሎን ተክተው፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገጥመው ብሎኖቹን በልክ አጠበቁ። ለመተንፈሻዋም የግሉኮስ ቱቦ ቀጥለው ጫፉን ጎኗ ላይ ባሰሩት ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ከተቱት።

ሰኞ ጠዋት አንሶላው ተነጠፈ፣ ሞተሯም ላዩ ላይ ቆማ ግማሽ ሰዓት አጓራች። ሠራተኛው፣ አስታማሚው፣ ዘበኛው ሁሉ ከበባት። ኃላፊው በሙሉ ልብሱ ተንበርክኮ አንሶላው ላይ ያፈጣል። ምንም የለም። በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ ጠብ የሚል አየ።

«ይኸውና! ታንጠባጥባለች!»

«አንሶላህን ነካች?» አሉ እትዬ። «በጠርሙስ ነው የምትሸናው፣ ጨዋ ናት። አንተ በእጄ ላይ ስትወለድ ይህን ያህል ጨዋነት አልነበረህም። ወለሉን የወለወልኩት እኔ ነኝ። ከግቢ ውጣ ያለህ ነበር?»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ኃላፊው እንደተንበረከከ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ልሳቅ አልሳቅ እያለ ትንፋሹን ውጦ ቀረ። በዚህ መሃል የካርድ ክፍሏ ልጅ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «እትዬ፣ ዳገቱ ላይ ያለችው ሴት ምጧ መጣ!» አለች።

እትዬ ቦርሳቸውን አንግተው ሞተሯ ላይ ወጡ። ኃላፊው ብድግ አለ። ዘበኛውን ቀድሞ ሮጠና በሩን ራሱ ወለል አድርጎ ከፈተላቸው።

እትዬ በጎኑ ሲያልፉ ትከሻውን መታ አደረጉት። «በል አንተም ተንፍስ፣ ልጄ!»