የመንገደኛ ፈረስ ተራ

ከነገሌ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው፤ ቆዳ በጫነ መኪና፣ ከሾፌሩ ጎን ተሸፋፍኜ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥተው ነገሌ ገበያ ውስጥ በከፈቷት ሱቅ ነው ያሳደጉን። የመኪናውን በር ይዘው፣ «ልጄ፣ የትም ድረሺ፣ አስተምሪ። ሱቅ ግን እንዳትገቢ! እኔ ከባንኮኒ ጀርባ የቆምኩት አንቺ ሰሌዳ ፊት እንድትቆሚ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ኮምፒዩተር ሳስተምር የትምህርት ቤቱ ካድሬ የተማሪዎቼን ወሬ እንዳቀብለው ጠየቀኝ። እምቢ አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ አገሩ ጠበበኝ። በሞያሌ ተሻግሬ ናይሮቢ ስገባ የተቀበለኝ ብርድ ነው። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ቅቤ የተረሳበት ገንፎ ማለት ነው፤ የነገሌን ሙቀትና የእኛን ቅቤ ያኔ ነው የናፈቅኩት።

አንድ ዩኒቨርሲቲ መምህር አጥቶ ኖሮ፣ የሥራ ፈቃድ እስካመጣ ብሎ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሰጠኝ። ኮምፒዩተሩ አንድ፣ ተማሪው ብዙ። ማሽኑ ሥራ በወረፋ እንዴት እንደሚያስተናግድ ላስረዳ የቦረናን የውሃ ጉድጓድ ሰሌዳ ላይ ሳልኩላቸው። እዚያ ከብት የሚጠጣው በተራ ነው፤ ተራ አስከባሪ አለው፣ ሀብታምም አይዘልም። የመንገደኛ ፈረስ ብቻ ሁሉን ቀድሞ ይጠጣል።

«ለምን ማዳም?» አለች አንዷ።

«መንገደኛው ገና የሚሄድበት አለዋ!»

ሳቁ። ከዚያ ፕሮግራሙን ጻፉት፣ ፈረሱን ጭምር፣ ሠራም። የዚያን ዕለት ስደተኛ መሆኔን ረሳሁ።

ለሥራ ፈቃዱ የተሰለፍኩበት መስሪያ ቤት ግን ተራ አስከባሪ አልነበረውም። ስንት ቀን ተመላልሼ መስኮቱ ጋ ስደርስ ሹሙ፣ «የእኛ ልጆች እያሉ ለምን አንቺ?» አለኝ።

«ሰው ስላጡ ነው የቀጠሩኝ።»

«እንግዳ ነሽ አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዳማ ሻዩን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

ይህን እያለኝ አንድ ባለ ከረባት በጎን ገብቶ ማህተሙን አስመትቶ ወጣ። የመንገደኛው ፈረስ እኔ ነበርኩ እኮ! ለማን ይነገራል?

ፈቃዱን ከለከሉኝ፤ ዩኒቨርሲቲውም ክፍሌን ለሌላ መምህር ሰጠ። አዲሱ መምህር በእኔ ጉድጓድ እንደሚያስተምር አንድ ተማሪዬ መንገድ ላይ አግኝቶ ነገረኝ። ጉድጓዱን ፈቃድ የጠየቀው የለም።

አሁን የአገር ሰው ሱቅ ውስጥ ስኳር እመዝናለሁ። ባለፈው አባቴን በቀጠሮ ነገሌ ስልክ ቤት አስጠራኋቸው።

«አካም፣ ናጋ?» አሉኝ በኦሮምኛ፣ ደንበኛ እንደሚቀበሉ።

«ናጋ ነው አባ። አንቱስ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ታስተምሪያለሽ?»

ከኋላቸው ወረፋ የያዙ ጎረቤቶች ድምፅ ይሰማኛል።

«አላስተምርም አባ። ሱቅ ነው የምሠራው።»

መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ።

«አባ?»

«አለሁ» አሉ። ከዚያ ባለሱቅ ባለሱቅን እንደሚጠይቅ ጠየቁኝ። «ሱቁ... መንገድ ዳር ነው?»