ያልበላሁት ቀይ ሾርባ

መቼ እንደነበር በትክክል ልነግርህ አልችልም። ደርግ ልጅ እየለቀመ የሚጨርስበት ዘመን ነው፤ ዓመቱ ግን ጠፍቶብኛል። የነቢያት ጾም እንደነበረ አልረሳም። ፈረንጆቹ የገና ዛፋቸውን አውጥተው መንገድ ዳር ጥለዋል፣ እኛ ጾሙን አልፈታንም። ይኸው አሁን ምድጃዬ ላይ ቀይ ሥር እየተቀቀለ ነው። ያ የእርጥብ አፈር ሽታው ቤቱን ሲሞላው ሼፈርድስ ቡሽ የነበረችው የሩሲያዊቷ ምግብ ቤት ትመጣብኛለች። ንዴቱም አብሮ ይመጣል። ይህን ያህል ዘመን ኖሬ አልበረደልኝም።

እኔ ለንደን የመጣሁት ከአንድ የኤምባሲ ሰው ጋር፣ በወጥ ቤትነት ነው። ሰውየው ተጠርቶ አገሩ ገባ፣ እኔ ቀረሁ። ፊደል ቆጥሬአለሁ እንጂ ትምህርት የሚባል የለኝም፤ አንድ ሆቴል ሳህን አጥብ ነበር። ኪልበርን አንዲት ክፍል ተከራይተን ከጓደኛዬ ጋር እንኖራለን። እሱ የተማረ ነው፤ ደብዳቤዬን የሚጽፍልኝም የሚያነብልኝም እሱ ነበር። አዲስ አበባ አንድ ታናሽ ወንድም ነበረኝ፣ ተማሪ። ቀበሌ ወስዶ አሰረው የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ።

አንድ እሑድ ጓደኛዬ ምሳ ልጋብዝህ አለኝ። ሻይ እንኳ ሲጋብዝ አይቼው ስለማላውቅ፣ "ሎተሪ ደረሰህ እንዴ?" ብዬ ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም።

ደረጃ ወርደን ገባን። ምድር ቤት ናት። ከሰል የለበሰ ሰማይ ከውጭ ቀርቶ ውስጡ ሞቃት ነው፤ መስኮቱ በእንፋሎት አልቦታል፣ ጠረጴዛዎቹ ሙሻማ ለብሰዋል፣ የእንስላል ሽታ አለ። ጥግ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሎ ከፊቱ ትንሽ ቀይ መብራት ትበራለች። ሻሽ ያሰረች አሮጊት ከማድ ቤት ወጣች፤ ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራት። የማን ቤት ነው ብዬ ብጠይቀው የሩሲያኖች አለኝ። ደሜ ፈላ።

"ሩሲያ ቤት ነው የምታበላኝ? ለደርጎቹ ታንኩን ማን ሰጣቸው?"

"በዚህ ሰፈር ያለ ቅቤ የምትሠራ እሷ ብቻ ናት፤ እንደ እኛ ጾመኛ ናት። ደግሞ ሾርባ ታንክ አይደለም፣ ብላ ሰውዬ።"

ቀዩ ሾርባ መጣ፣ ጥቁር ዳቦና ድንችም መጣ። ሳህኑን ገፋሁት። እሱ ዳቦ ይቆርስልኛል፣ ድንች ያነሣልኛል፤ ራሱ ግን አልቀመሰም። አሮጊቷ ምነው አልበላም ብላ ስትጠጋ፣ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ወንድሜን ያሳሰራችሁት እናንተ ናችሁ አልኳት። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። እነዚያው ኮሚኒስቶች የእሷንም አባት እንደገደሉባት፣ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር በመርከብ እንደተሰደደች ነገረችኝ። ከዚያ ሳህኑን ወደኔ መለሰችው።

"ብላ፣ ልጄ። ዛሬ መብላት አለብህ።"

ዛሬ ለምን? ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። አንገቱን ደፍቷል። አንተም ታውቀዋለህ፣ እኛ ዘንድ መርዶ በባዶ ሆድ አይነገርም። መጀመሪያ ያበሉሃል፤ ከለቅሶ በኋላ እህል አይወርድልህምና።

"ካወቅህ ስንት ጊዜህ ነው?" አልኩት።

"ሦስት ሳምንት። ያገር ልጆች ሁሉ ሥራ የማይገቡበት እሑድ ስንጠብቅ ነው። ቤት ተሰብስበዋል፣ ካህኑም አሉ። ትንሽ ብትቀምስልኝ።"

በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ፣ እስር ቤቱ ይበርዳል ብዬ ለወንድሜ ሹራብ ልኬ ነበር። ይሄ ጓደኛዬ ፖስታ ቤት አብሮኝ ተሰልፏል።

"አድራሻውን የጻፍክልኝ አንተ ነህ" አልኩት። "የሞተ ሰው ስም ጽፈህ ሰጠኸኝ።"

ሳህኑን በእጄ መታሁት፤ ሾርባው ነጭ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። አልጠረገውም፣ አልተነሣም።

አሮጊቷ በሩን ቆለፈች፣ ዝግ ነው የሚለውን ሰሌዳ ገለበጠች። ኪልበርን ጮክ ብለህ ብታለቅስ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብሃል። እዚያ ግን እንደ አገሬ፣ ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ። እናቴ እንዳታለቅስ ተከልክላለች፤ አስከሬኑንም አልሰጧትም። የእሷንም ጭምር አለቀስኩላት። አሮጊቷ የወንድሜን የክርስትና ስም ጠይቃ በቁራጭ ወረቀት ጻፈች፤ በቤተ ክርስቲያኗ ልታስጠራው።

ገዳዮቹን ዛሬም ይቅር አላልኳቸውም፣ ለካህንም ተናግሬአለሁ። ጓደኛዬንም ስንት ዓመት አኮረፍኩት። ክፍሉን ለቅቄ ስቶክዌል ገባሁ፣ ደብዳቤዬን በሌላ ሰው አስጻፍኩ። እሱ ግን እሑድ እሑድ ምግብ ይዞ ይመጣል። ብዙ አያወራም፤ ተቀምጦ መብላቴን አይቶ ይሄዳል። ስለ ሹራቡ አንድም ቀን አላነሣንም።

ዛሬ ጠዋት ከሆስፒታል ተደወለልኝ። ድምፅዋ ደግ የሆነ ልጅ ናት፤ ሶሪ ብላ፣ ጓደኛዎ አርፈዋል አለችኝ። ቁርስ መብላቴን አልጠየቀችኝም። ለብቻዬ፣ ቆሜ፣ በባዶ ሆዴ ሰማሁት። ስልኩን ዘግቼ ወረድኩና ቀይ ሥር ገዛሁ።

ሲበስል እበላዋለሁ። ሳህኑን ጠርጌ እበላዋለሁ፣ ከዚያ አለቅስለታለሁ። ደምሴ ነው ስሙ።