ጋሽ ጉተማና ሦስቱ ባዶ ፎቆች

ጋሽ ጉተማን የማያውቅ ሰው አቃቂ በሰቃን አውቃለሁ ቢለኝ አላምነውም። እኔ ብዙወርቅ እባላለሁ፤ እሱ በሚጠብቀው ሕንፃ ሥር ፎቶ ኮፒ የማነሳ ሴት ነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስንጨቃጨቅ ኖረናል፤ ስለዚህ ስለ እሱ ለማውራት ከእኔ የተሻለ ሰው የለም።

ሕንፃው ከእኛ ሱቆች በላይ ሦስት ፎቅ አለው። ባለቤቱ ናዝሬት ስለሚኖር ቁልፉም ኃላፊነቱም በጋሽ ጉተማ እጅ ነው። መሬቱ ድሮ የራሱ የጋሽ ጉተማ አባት እርሻ ነበር። «እዚህ ቦታ ላይ ሽምብራ ዘርቼ ሳይበቅል ቀርቶ አያውቅም» ይላል፣ ሰው የሌለበትን ፎቅ እየጠረገ። ሦስቱም ፎቆች ከተሠሩ ጀምሮ ተከራይ አላዩም። ደላላ የሚያመጣው ሁሉ ደረጃውን ወጥቶ፣ በመስኮት የከባድ መኪናውን ሰልፍ አይቶ፣ «ቤቱስ ጥሩ ነበር፤ ግን ሠራተኛ እዚህ ድረስ ማን ይመጣል?» ብሎ ይወርዳል። ይህቺ ንግግር እኔን ታበግነኛለች። አቃቂ ሰው የማይኖርበት በረሃ ነው እንዴ?

ጋሽ ጉተማን ያንገበገበው ግን ሌላ ነው። ልጁ ዳሲቱ ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ የደንበኞችን ስልክ ትመልሳለች። ገና ሳይነጋ ወጥታ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች፤ ስትመለስ የአራት ዓመቷ ልጇ ሃሌሉያ ተኝታ ታገኛታለች። ልጅቷን የሚያበላትም ፀጉሯን የሚያበጥርላትም አያቷ ነው። ዳሲቱ በመጨረሻ በቃኝ አለች፤ መስከረም ሲጠባ ሥራዋ አጠገብ ክፍል ተከራይታ ልጇን ይዛ ልትሄድ ወሰነች። ማንም አይፈርድባትም። ጋሽ ጉተማ ግን ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከእነሱ ሌላ ሰው የለውም። «ብዙዬ፣ ከማን ጋር ነው እራት የምበላው?» አለኝ አንድ ቀን። የዚያን ቀን ብቻ አልተከራከርኩትም።

ሐምሌ ላይ ደላላው ወሬ ይዞ መጣ። ለሌሎች ድርጅቶች ስልክ የሚመልስ ኩባንያ ቤት ይፈልጋል፤ ኃላፊዋ ቅዳሜ ጠዋት ልታይ ትመጣለች። ሥራው ዳሲቱ የምትሠራው ሥራ ነው። ጋሽ ጉተማ ሌሊቱን እንዳልተኛ ከዓይኑ ያስታውቅ ነበር። ደላላው ታዲያ «ባዶ ክፍል እንዳታሳይ፤ ሰው ባዶ ነገር ሲያይ ልቡ ይሸሻል» ብሎ መከረው። የማይረባ ምክር መሆኑን እኔን ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር።

አልጠየቀኝም። ጋሽ ጉተማ የዕድራችን ንብረት ያዥ ነው። ቅዳሜ በማለዳ የዕድሩን መጋዘን ከፍቶ ስድሳ ወንበር በጋሪ እያመላለሰ አንደኛ ፎቅ ላይ ደረደረ። የዕድር ወንበር ያለ ለቅሶ እንደማይወጣ ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው፤ ስለዚህ አፍሯል። ሰው ምን ሆነህ ነው ሲለው አንገቱን ደፍቶ «ኋላ ትሰማላችሁ» እያለ ያልፋል። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ይመስላችኋል?

የዕድሩን ጡሩምባ ነፊ ከውሲንም የመሰለው ያው ለቅሶ ነው። ወንበሮቹ ሲያልፉ አይቶ ክው አለ። ሰው ሞቶ ሳይለፍፍ ከዋለ ይቀጣላ። ጡሩምባውን አንስቶ፣ «የዕድር አባል፣ ያልሰማህ ስማ፤ ለቅሶው ጋሽ ጉተማ ሕንፃ ላይ ነው» እያለ ሠፈሩን ዞረ። የማን ለቅሶ እንደሆነ አልተናገረም፤ ስለማያውቅ።

ሠፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። እኔም ሱቄን ዘግቼ ወጣሁ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛዋ ወይዘሮ በላይነሽ አጠገቤ ተቀምጣ «ማን ነው?» ትለኛለች በሹክሹክታ። «እኔ እንጃ» እላታለሁ፣ እንባዬን እየጠረግሁ። ምን ላድርግ፣ ሰው ሲያለቅስ ካየሁ አልችልም።

ጋሽ ጉተማ እንግዳዋን ሊቀበል አስፋልት ወጥቶ ስለነበር ከመኪናው ጩኸት ጡሩምባውን አልሰማም። እየሩሳሌም የምትባለውን ወጣት ኃላፊ አስከትሎ በሩን ሲከፍት፣ ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ የተረፈው ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እዚያው ደርቆ ቀረ። እየሩሳሌም ግን ጨዋ ያሳደጋት ልጅ ናት፤ ሻርፗን አዘቅዝቃ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላ በለቀቅኩላት ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ጥቂት ቆይታ ወደ ጋሽ ጉተማ ዘንበል ብላ «ሟቹ ምንዎ ናቸው?» አለችው።

«ልጄ፣ የሞተ ሰው የለም» አለ ጋሽ ጉተማ። ሁሉንም ተናገረ፤ ወንበሩን፣ የደላላውን ምክር፣ ዳሲቱን፣ የልጅ ልጁን፣ መስከረምን። «ባዶ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው። አታለልኩሽ፣ ይቅር በይኝ» አላት።

«አንተ ጉተማ፣ ታዲያ ያፈሰስኩትን እንባ ለማን ላድርገው?» አለች በላይነሽ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለን። ከውሲ ጡሩምባውን ከጀርባው ሊደብቅ ሲሞክር ያዩት ሴቶች እስኪያማቸው ሳቁ፤ እየሩሳሌምም ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ሳቁ ሲበርድ ግን፣ «እኔን የሚያሳስበኝ የክፍሉ ባዶ መሆን አይደለም» አለች። «ሠራተኛ እዚህ ድረስ ማን ይመጣል?»

ያቺው ንግግር! ብድግ አልኩ። «ለምን ብለው ይመጣሉ? እዚሁ ናቸው እኮ። እዚህ የተቀመጠውን ሰው ልጅህ የት ነው የሚሠራው ብለሽ ጠይቂው» አልኳት። ትንሽ ጮክ ብዬ ነበር፤ ይቅር ትበለኝ።

ቀድማ የመለሰችው በላይነሽ ናት። «የእኔ ልጅ የሚኖረው እዚሁ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ የሚሠራው ሜክሲኮ። አንድ ከተማ እየኖርን መልኩን የማየው ለበዓል ነው» አለች። ሌላዋ ቦሌ አለች፣ ሌላው ፒያሳ። እየሩሳሌም ሰማቻቸውና ወረቀት ጠየቀችኝ። ጋሽ ጉተማ ዕድር ላይ እንደሚያደርገው ከፊት ጀምሮ አባላቱን በየተራ ጠራ፤ እያንዳንዱ የልጁን ስምና የተማረውን አስመዘገበ። አርባ አንድ ሰው ተጻፈ። «ለአለቆቼ የማሳያቸው ይህን ነው» ብላ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ዕድሩ በበኩሉ ደንብ ደንብ ነው ብሎ፣ በጋሽ ጉተማ ላይ የዓመት የድንኳን እጥበት ፈረደበት።

ነሐሴ ሙሉ ወሬ ጠፋ። ዳሲቱ ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች፤ የልጅቷ አልጋ ተፈታ። ጋሽ ጉተማ ደረጃውን መጥረግ ተወ። እሱ ሳያይ እኔ ነበርኩ የምጠርግለት፤ አትንገሩት። ጳጉሜን ሁለት ቀን እየሩሳሌም ደወለች። ሦስቱንም ፎቅ ወሰዱት።

ዳሲቱ መሄዱን ትታ ጥቅምት ላይ አንድ ሰኞ እዚያው ፎቅ ላይ ሥራ ጀመረች። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ደረጃውን ወርዳ መንገዱን ተሻገረች። ምን እደብቃለሁ፣ ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳት። ቤታቸው አምስት ደቂቃ አይሞላም። ጋሽ ጉተማ ሽሮውን አቅርቦ በር ላይ ይጠብቃል፤ ሃሌሉያ እግሩ ሥር ትጫወታለች። ልጅቷ ቀና ስትል በጠራራ ፀሐይ እናቷን አየች። አልሮጠችም። ቀስ ብላ ወደ አያቷ ዞረችና፣ «አባባ፣ እማዬን አሟታል?» አለችው።

ዳሲቱ ተንበርክካ፣ «ደህና ነኝ፣ ምሳ ልበላ ነው የመጣሁት» አለቻት። ሃሌሉያ እንዲሁ አላመነቻትም፤ ትኩሳት እንዳላት ለማየት ግንባሯን በመዳፏ ዳሰሰችና «ነገስ?» አለቻት።

«ነገም» አለች ዳሲቱ።